ሃያ አራት ባልዲ

ሰኞ 3

ይህ ደብተር የልጄ ነው። ስድስት ገጽ ጽፋበት ተወችው፤ ስድስቱን ቀድጄ አወጣሁና የቀረውን ለራሴ አደረግኩት። ጸሎት ላይ ይህን ነገር ላነሳ ስል ምላሴ ይያዝብኛል። ምናልባት እጄ ይሻል እንደሆነ ልሞክር።

ጥፋቴ ይህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ባለቤቴ ሆስፒታል በተኛችበት ሳምንት፣ ዶክተሩ እንግዶች ስለሚመጡ የችግኝ ቤቱ መደርደሪያ በአንድ ቀን ታጥቦ እንዲያልቅ አዘዘኝ። መደርደሪያው ላይ ሃያ አራት ባልዲ አለ። አሥራ ሁለቱ በየቀኑ ውሃ ይጠጣሉ፤ አሥራ ሁለቱ በአምስት ቀን አንዴ። እርጥቡ ረድፍ እና ደረቁ ረድፍ እንላቸዋለን። በእያንዳንዱ ላይ የፕላስቲክ መለያ ተሰክቷል። መለያዎቹን ነቃቅዬ በሳፋ አጠብኩ፤ ባልዲዎቹን አውርጄ እንጨቱን ፈተግኩ። ስመልሳቸው ልቤ ሆስፒታል ነበር። የደረቁን መለያ በእርጥቡ፣ የእርጥቡን በደረቁ ሰካሁ። ከዚያ ወዲያ በመለያው እያየሁ ሳጠጣ፣ የተጠማውን ሳጠግብ የጠገበውን ሳስጠማ ሰነበትኩ።

ሥራው የአንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበር። ሳቂታ ናት፤ ሳቂታዋ እላታለሁ። ልኬቷ የማይሆን ሆኖ ወጣ። ሳትለካ ቢሮ ተቀምጣ ፈጥራ ጻፈችው ተባለ፤ ተባረረች።

እኔ ግን ከመባረሯ ከአራት ቀን በፊት አውቄ ነበር። እጀታ የሌለው አንድ ባልዲ አለን፤ ከደረቁ ረድፍ ሰባተኛው። ከባለቤቴ ቀብር መልስ ሥራ ስገባ የእርጥብ መለያ ተሰክቶበት አየሁት። ሮጬ ለዶክተሩ ነገርኩት። «ለማንም እንዳትናገር፤ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ።

ጨረሰው።

ዶክተሩ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ባለቤቴን በገዛ መኪናው ሆስፒታል ያደረሰልኝ እሱ ነው። ለልጄም የመግቢያ ደብዳቤ የጻፈላት እሱ ነው።

ማክሰኞ 4

ትናንት ለምን እንደጀመርኩ ሳልጽፍ ተኛሁ። በቢሮው በር ሳልፍ ዶክተሩ ሲጮህ ሰምቼ ነው። «ፈጥረሽ ነው የጻፍሽው!» ቃሉ ያው የድሮው ነው፤ ሴትዮዋ ግን ሌላ ናት።

አሁን በባልዲዎቹ ላይ የምትሠራው አርባ ዓመት የሞላት ሴት ናት። አሥራ ስድስት ዓመት ትምህርት ቤት አስተምራ ነው የመጣችው፤ መምህርቷ እንላታለን። ሁለት ልጆቿ እናቷ ዘንድ ናቸው። ዓርብ ማታ በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ ሰኞ ጠዋት ትመለሳለች። ትምህርት ቤቷ ቦታዋን የጠበቀላት እስከዚህ ዓመት መጨረሻ ብቻ ነው፤ ሳትመረቅ ብትመለስ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

የተዘራው የዶክተሩ ዘር ነው። ጥማት ይችላል ብሎ ጽፎለታል፣ ተሸልሞበታልም። የእሷ ልኬት ደግሞ አይችልም ይላል። እኔ ሳይንሱን አላውቅም። ደረቁ ረድፍ ግን ሲጠወልግ በዓይኔ አያለሁ።

ሐሙስ 6

ዶክተሩ አምስት ተማሪ አስከትሎ መጣ። እኔ ጥግ ላይ የውሃ ጎማውን እጠቀልል ነበር። የመምህርቷን ወረቀት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣

«እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የሦስተኛው ወር ልኬት ነው፣ ዶክተር።»

«ዘሬ ውሃ ካጣ ይደርቃል ነው የምትይኝ?»

«እኔ አላልኩም። የለካሁትን ነው የጻፍኩት።»

«አሥራ ስድስት ዓመት ጠመኔ ስታቦኚ ኖረሽ፣ ዛሬ እኔን ልታስተምሪ?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። አንዱ ዘግይቶ ሳቀ፤ ዶክተሩ ዞር ብሎ ሲያየው ነው የሳቀው።

«የትኛው ቁጥር እንዳልተስማማዎት ቢያሳዩኝ ደግሜ እለካለሁ» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

«ቁጥር በራሱ አፍ የለውም፣ እማማ። የሚናገርለት ሰው ይፈልጋል።»

ሲወጣ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። «አባ ውሃ፣ አንተ እንኳ ከእሷ ትሻላለህ።»

እኔም ሳቅኩ። ምን አሳቀኝ?

ቅዳሜ 8

ልጄ እራት ላይ ዝም አለች። አሞሽ ወይ አልኳት። አላመመኝም። ተጣላሽ ወይ? «አልተጣላሁም አባዬ፣ ብላ።»

ሳህኑን እያጠበች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ተማሪዎች ምን ብለው እንደሚጠሩህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አባ ውሃ።»

«እሱማ ፊት ለፊት ነው።» ቧንቧውን ዘጋችው። «የዶክተሩ ጎማ ይሉሃል። ወዳዞረው ይፈሳል ይላሉ።»

የተማሪ ቀልድ ነው አልኳት። «እኔም ስቄላቸዋለሁ» አለችና ገብታ ተኛች።

እሑድ 9

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደ ሥራ። እሑድም ውሃ ይጠጣሉ። ከበሩ ጥበቃና ከእኔ በቀር በግቢው ሰው የለም። አሥራ ሁለት አጠጣሁ።

ይህን የማደርግበትን መንገድ ለማንም አስረድቼ አላውቅም። ያጠጣሁትን ባልዲ መለያውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፤ ሁለቴ እንዳላጠጣ። ሲያልቅ በውሃ ደብተሩ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ብዕር እርጥበት ላይ ይፈስሳል። ከጻፍኩ በኋላ መለያዎቹን ወደ በሩ እመልሳለሁ። ከዚያ ስህተት ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት። ድሮ ይህን ያህል አልጠነቀቅም ነበር።

ረቡዕ 12

ዶክተሩ ቢሮ አስጠራኝ። ወንበር ሳበልኝ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ልጅህ ሦስተኛ ዓመት ገባች አይደል? ጎበዝ ናት ይሉኛል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእርስዎ ነው።»

«በእኔ አይደለም፣ በራሷ ነው። እኔ በሩን ነው የከፈትኩላት።» ፈገግ አለ። «በር ደግሞ ይከፈታል፣ ይዘጋል።»

ከዚያ ወረቀት ገፋልኝ። ተተይቦ ያለቀ ነው። አነበብኩት። ላስብበት አልኩ። «አስብበት፤ እስከ ዓርብ» አለኝ። ሻይ አስመጣልኝ። ሳልጠጣው መውጣት ነውር መስሎኝ እያቃጠለኝ ጨረስኩት።

ዓርብ 14

ወረቀቱን ፈረምኩ። የቢሮ ወረቀት ነው፣ ስለ ውሃ አጠቃቀም። ጉልበቴን ያመኛል፣ ቶሎ ልተኛ።

እሑድ 16

ስለ ውሃ አጠቃቀም አይደለም። በራሴ ደብተር ለማን ነው የምዋሸው?

ወረቀቱ የሚለው ይህ ነው፤ መምህርቷ በአራት እሑዶች ወደ ችግኝ ቤቱ መጥታ የባልዲዎቹን ውሃ ስትለዋውጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሥር ስሜ አለ። ከስሜ በላይ ፊርማዬ አለ።

እሑድ እሑድ እሷ ከልጆቿ ጋር ናት። እሑድ እሑድ ያለሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ብቻዬን ነበርኩ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ከበሩ ተመለስኩ። ጫማዬ ጭቃ ነው ብዬ ነው ለልጄ የነገርኳት።

ሰኞ 17

መምህርቷ ከአውቶቡስ እንደወረደች፣ ቦርሳዋን እንዳነገተች መጣች። ደብዳቤ ይዛለች። የዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ በሚመጣው ወር ሐሙስ 4፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

«ጋሼ፣ የዓይን ምስክር አለ ይላል። እሑድ እሑድ እዚህ የሚመጣ ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

«እኔ… አላውቅም።»

«እርስዎ ካላወቁ ማን ያውቃል?» ክፋት የለባትም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። «ምናልባት ሌላ ሴት እኔን መስላቸው ይሆናል። ሰው ይሳሳታል። እኔ ተማሪ ስቀጣ ኖሬያለሁ፣ ሳልሳሳት አልቀረሁም።»

ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። እናቷ ለጉልበቴ የላከችልኝ ቅባት ነው። ያመኛል ያልኳትን አስታውሳ።

ተቀበልኩ።

ረቡዕ 19

ዶክተሩ የውሃ ደብተሩን አምጣ አለኝ። ቤት ረስቼዋለሁ አልኩ። በብብቴ ነበር፤ እሑድ እሑድ ያጠጣሁት ሁሉ በእጄ የተጻፈው እዚያ ነው።

ዓርብ 21

ዶክተሩ ብቻውን መጣ። በሩን ከውስጥ ቆለፈው። ብዙም አልተናገረም። በመደርደሪያው አጠገብ እየተራመደ ቅጠሎቹን ዳበሰ፣ እንደ አባት። ከደረቁ ረድፍ አንድ መለያ ነቀለ። ጠራረገው። እርጥቡ ረድፍ ላይ ሰካው። እኔን አየኝ።

«አየህ? ሰማይ አልተደፋም።»

መለያው የተነቀለበትን ባልዲ በዓይኔ ያዝኩ።

«ሰው ይሳሳታል፣ አባ ውሃ። አንተም ተሳስተህ ታውቃለህ። ያኔ ማን ሸፈነህ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ። ያኔ በሳቂታዋ ልጅ ቦታ ማን ሊባረር ነበር?»

«እኔ።»

«ያቺ ልጅ ስሟን ከጋራ ጽሑፋችን ላይ ፋቀ ብላ ከስሳኝ ነበር፤ ታስታውሳለህ? እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው የሚሰጥ። አንተን ልኮ ሰጠኝ።» መለያውን ነቅሎ ወደ ቦታው መለሰው። ልክ ነው የመለሰው፤ አረጋገጥኩ። «ሰኞ ደብተሩን ይዘህ ና። ልጅህም የቤተ ሙከራ ውጤቷ ገና አልገባም መሰለኝ። እጠይቅላታለሁ።»

ሲወጣ በሩን ክፍት ተወው።

ያኔ ሸፈነኝ ብዬ ነበር አራት ዓመት ሳመሰግነው የኖርኩት። ያለ እኔ ጥፋት እሷን ማባረሪያ አልነበረውም። እኔ ነኝ በእጁ ያስያዝኩት። ይህን ሳስብ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

እሑድ 23

ለካህኑ ነገርኩ። ሁሉንም አልነገርኩም። ግማሹን ነው። ዝም ብለው ሰምተው፣ «ለእኔ መንገርህ ደግ። የተበደሉትስ ከማን ይስሙ?» አሉኝ። ሌላ ነገር ይሉኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ሌላ ሰው ጠርተው ያናግሩ ጀመር።

ሰኞ 24

ደብተሩን አልወሰድኩም። ታምሜያለሁ ብዬ በጥበቃው አስነገርኩ። «ምን ታመመ ልበላቸው?» አለኝ። ጉልበት በል። «አንተ ሰውዬ፣ ጉልበትህ ወር ሙሉ ዶክተሩን ባየ ቁጥር ነው የሚታመመው!» ብሎ ሳቀ። የእሱ ሳቅ ክፋት የለውም። ቢሆንም ወጋኝ።

ማታ ልጄ ቦርሳዋን ሳታወርድ ፊቴ ቆመች።

«ዶክተሩ ዛሬ ክፍል ውስጥ አስነሳኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ 'አባትሽ ታማኝ ሰው ነው፣ እሱን ምሰዪ' አለኝ። ምን አድርገህለት ነው?»

«የሥራ ጉዳይ ነው ልጄ።»

«አባዬ፣ መምህርቷ ላይ ማን እንደመሰከረ ግቢው ሁሉ ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ላንተ ቅባት የላከች ሴት እኮ ናት እናቷ!»

«አንቺ የማታውቂው አለ። አንቺን እንዳይነኩብኝ…»

«በእኔ አታሳብ!» ጮኸች። በእናቷ ሞት እንኳ አልጮኸችም። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከትምህርት ብባረር ሌላ እሠራለሁ። ይህን በእኔ ስም ካደረግከው ግን ምን ይዤ ነው የምኖረው?»

እራታችንን ተለያይተን በላን።

በኋላ ከሣጥኑ ሥር የአራት ዓመቱን የውሃ ደብተር አወጣሁ። ሳልጥለው መኖሬን ለራሴም አምኜ አላውቅም ነበር። ገጹ ተጣብቋል፣ እርሳሱ ግን ይነበባል። ከእጥበቱ በፊት፤ «ደረቅ 7፣ እጀታ የሌለው»። ከቀብር በኋላ በጻፍኩት ገጽ ላይ ደግሞ፤ «እጀታ የሌለው፣ አሁን እርጥብ 7። መለያ ተገላብጧል። ለዶክተር ተነገረ።» ቀኑም አለ።

ለዶክተር ተነገረ። በገዛ እጄ።

ረቡዕ 26

አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። አራት ዓመት በዚያ በኩል አልፌ አላውቅም፤ ዞሬ በገበያው ነው ወደ ቤቴ የምሄደው። ለልጄ አቧራውን ስለምጠላ ነው ያልኳት። ሳቂታዋ የምትሠራው እዚያ ነው።

ዛሬ ገባሁ። ሁለቱንም የውሃ ደብተር፣ አሮጌውንም የአሁኑንም፣ ባንኮኒው ላይ አኖርኩ።

«ስንት ቅጂ?» አለች ቀና ሳትል። ቀጥላ ቀና አለች። «አባ ውሃ?»

«ሁለት ቅጂ። አሮጌውን መጀመሪያ ብታነሺልኝ።»

ክዳኑን ከፈተች። ገጹ ላይ ቆመች። ከኋላዬ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ነገ ይምጡ ብላ ሸኘችውና በሩን ገፋ አደረገችው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳፋውን፣ ሆስፒታሉን፣ ባልዲውን፣ ለዶክተሩ መንገሬን፣ ዝም ማለቴን። የነገርኩት ለእሷ ሳይሆን ለማሽኑ ይመስል ነበር፤ ዓይኔን ከመብራቱ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

«እጀታ የሌለው» አለች።

«ሰባተኛው።»

«እኔ እኮ ራሴን ነው ስጠረጥር የኖርኩት። ስለካ አእምሮዬ ሄዶ ይሆን እላለሁ። አንድ ነገር ቆጥሬ ሳልደግም አልቀመጥም አሁን። እናቴ ምን ነካሽ ትለኛለች።»

«ይቅር በይኝ» አልኩ።

«አሁን አይጠይቁኝ።» ገጹን ገለበጠች፣ ክዳኑን ከደነች፣ ቁልፉን ተጫነች። «ኮሚቴው መቼ ነው?»

ነገርኳት።

ሁለት አልኩ እንጂ ሦስት ቅጂ ነው ያወጣችው። አንዱን አጣጥፋ ከባንኮኒው ሥር ከተተችው። በበሩ ስወጣ በቀጥታው መንገድ ሄድኩ። አቧራ የለውም።

ሰኞ 1

ወሩ ገባ። መምህርቷ ከአውቶቡስ ስትወርድ ጠብቄ ነገርኳት፣ ምስክሩ እኔ ነኝ ብዬ። «ቅባቱን ተቀበሉኝ እኮ» አለች። ይህን ብቻ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ 3

ዶክተሩ ሁለቴ አስጠራኝ፣ አልሄድኩም። ጸሐፊዋ መጥታ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ሰውየው ዛሬ ሌላ ሰው ሆኗል፣ ምን አባቴ ልበለው?» አለችኝ። እያጠጣ ነው በይው አልኳት።

ልጄ የነገ ሸሚዜን ተኮሰችልኝ። ስለ ምንም አላወራንም። ጸሎት ላይ ዛሬ ምላሴ ተፈታ፤ እንዲያውም አጭር ነበር።

ሐሙስ 4

ሄድኩ። አደረግኩት። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ኮሪደሩ ላይ ሳቂታዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ቅጂዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። አልተነሳችልኝም። ጭንቅላቷን ብቻ ነቀነቀች።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሰብሳቢዋ ሴት ናት። ዶክተሩ በአንድ በኩል፣ መምህርቷ በሌላ በኩል። ሰብሳቢዋ ወረቀቱን አንብባ፣ «ይህ የእርስዎ ቃል ነው?» አለችኝ።

«ፊርማው የእኔ ነው። ቃሉ ሐሰት ነው።»

ዶክተሩ አልተቆጣም። በሐዘን አየኝ፤ ያ ነው ያስፈራኝ። «ይቅርታ አድርጉለት። ባለቤቱ ከሞተች ወዲህ ነገር ይምታታበታል። እኛም አዝነንለት ነው ያቆየነው።»

የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ። «እውነት ነው ዶክተር። መለያ የተምታታብኝ እሷ በሞተችበት ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ምንም አልተምታታብኝም። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት። እርስዎም እያወቁ ነው።»

ሁለቱን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። አሮጌውን በዚያ ገጽ፣ አዲሱን እሑድ እሑድ ባጠጣሁበት ገጽ ከፍቼ። ሰብሳቢዋ «ለዶክተር ተነገረ» የሚለውን ድምጿን አውጥታ አነበበችው፣ ቀኑንም። መምህርቷ ዓይኗን ከደብተሩ ላይ አላነሳችም።

ቃልዎን በጽሑፍ ይስጡን አሉኝ። ከኪሴ እርሳሴን አወጣሁ። «በብዕር ይሁን» አለች ሰብሳቢዋ። ሰጡኝ። የአራት ዓመቱንም፣ የዓርብ 14ቱንም ጻፍኩ፤ ስለ ልጄ «በር ይከፈታል፣ ይዘጋል» ያለኝንም። ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ። ውሳኔው መቼ እንደሚሆን አልነገሩንም።

ስወጣ ሳቂታዋ፣ «ተናገሩ?» አለችኝ። ተናገርኩ። ተነስታ እሷ ገባች።

ችግኝ ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ቆሞ ጠበቀኝ። ዛሬ አልቀለደም። «ወንድሜ፣ ቁልፉን ተቀበለው ብለውኛል። አሁኑኑ ነው ያሉት።»

«ግማሽ ሰዓት ስጠኝ።»

ወዲያ ወዲህ አየ። «ጉልበቱን አሞት ቀስ እያለ ነው የመጣ እላለሁ» አለና ጀርባውን ሰጠኝ።

አጠጣሁ። መለያዎቹን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ቁልፉን ሰጠሁት። «ለሚተካኝ ሰው ንገርልኝ፣ ወደ ግድግዳ የዞሩት ጠጥተዋል» አልኩት። ደገመልኝ፣ እንዳይረሳ።

የውሃ ደብተሩ ኮሚቴው ዘንድ ስለቀረ የዛሬውን እዚህ እጽፋለሁ።

ሐሙስ 4። ሃያ አራት ባልዲ። አሥራ ሁለቱ ጠጥተዋል። አሥራ ሁለቱ ተራቸው አይደለም፤ ተጠምተዋል፣ አልነካኋቸውም።